ሙቀት የለመደ ክርን

ጎረቤቴን ሰው ሁሉ የሚጠራው "ጋሽ ክርኑ" እያለ ነው። እውነተኛ ስሙን መታወቂያው ላይ ካላነበበ በቀር የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቅጽል ስሙ የወጣለት ዳቦ ቤት ውስጥ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሊጥ ሲያቦካ ኖሯል። መዳፉ ከሥራ ብዛት ደንድኖ ሙቅና ቀዝቃዛ መለየት ከተወ ቆይቷል፤ ስለዚህ ውሃውን ገንዳው ውስጥ ከመገልበጡ በፊት የቀኝ እጅጌውን ይሰበስብና ክርኑን ባልዲው ውስጥ ይነክራል። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ አራት ይቆጥራል። ከዚያ ወይ "ይበቃል" ይላል፣ ወይ "አንድ ጣሳ የፈላ ጨምሩበት" ይላል።

አንድ ጊዜ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ቴርሞሜትር ገዝታ አመጣችለት። በሁለት እጁ ተቀበለና አመስግኖ ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

"ክርኔን ትኩሳት ሲይዘው እንለካበታለን" አላት።

እስከ ዛሬ እዚያው ተሰቅሎ አለ።

እርሾም በማንኪያ ለክቶ አያውቅም። መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ ይዘግናል፤ ለአንድ ኬሻ ዱቄት ሁለት ጊዜ። የእኛ ከተማ ብርዳም ነው፤ ሊጥ እዚህ ቶሎ አይነቃም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጨርቅ ለብሶ ይተኛል። እሱ ግን የጨርቁን ጫፍ ሳይገልጥ ከውጭ አይቶ ብቻ "አሁን ኩፍ ብሏል" ይል ነበር፤ ሲገለጥም እንዳለው ሆኖ ይገኛል።

ይህን ሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በኋላ የደረሰበት ነገር ሁሉ ከዚህ ክርንና ከዚህ መዳፍ የመጣ ነው።

ሚስቱ የሞተች ጊዜ ልጁ መጣች። ያለችው ልጅ እሷ ብቻ ናት። የምትኖረው በአገሩ ሌላኛው ጫፍ፣ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ሙሉ ተጉዘው በሚደርሱበት ሞቃት ከተማ ነው፤ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። እናቷን በቀበርን በሁለተኛው ሳምንት አባቷን ይዛው ለመሄድ ቆረጠች። እሱም አልተከራከረም። ያን ሰሞን "ተነስ" ቢሉት የሚነሳ፣ "ተቀመጥ" ቢሉት የሚቀመጥ ሰው ሆኖ ነበር።

ዕቃውን አከፋፈለ። ቁም ሳጥኑን ለጫማ ሰፊው፣ ባለ ክንድ ወንበሩን ለዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ማንቆርቆሪያውን ለእኔ ሰጠ። ሁለት ክፍል ቤቱን ለአከራዩ አስረከበ። ገንዳውን ደግሞ ስምንት ዓመት አጠገቡ ቆማ ሊጥ ስትቆራርጥና ስታድበለብል ለኖረች ሴት ተወላት። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው። የመጨረሻው ቀን ሽርጡን አጣጥፎ ሰጣትና "እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" ብቻ ብሏት ወጣ።

እዚያ እንዴት እንደኖረ ከተመለሰ በኋላ ነው ያጫወተኝ።

ልጁ ጥሩ ክፍል ሰጠችው። ማራገቢያ ነበረው፣ በረንዳ ነበረው። ጠዋት ልጁና ባሏ ወደ ሥራ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ይወጣሉ፤ እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የመንገዱን ሰው ያያል። በአንደኛው ወር መጨረሻ ላይ ሰላም የሚለው ሰው ሁለት ደረሰ፤ የሕንጻው ዘበኛና ጋዜጣ ሻጩ። በሁለተኛው ወር መቀመጥ ሰልችቶት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ካለው ዳቦ ቤት ገባና "አቡኪ ነኝ" አላቸው። ጎልማሶቹ ሠራተኞች እርስ በርስ ተያዩ፤ ቢሆንም ገንዳውን አሳዩት።

"ክርኔን ነከርኩ፣ በመዳፌ ዘገንኩ፣ ሠላሳ ዓመት እንደለመድኩት" አለኝ። "ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ሊጡ ጨርቁን ገፍቶ፣ በገንዳው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ወደ ወለሉ ሲወርድ አገኘሁት።"

"ሰዎቹስ ምን አሉ?"

"'ሽማግሌው ያዘው፣ ሊያመልጥህ ነው!' አሉኝ። አንዱማ ሮጦ በሩን ዘጋበት።"

እሱም ስቋል። ከዚያ ግን ሥራውን እንደ አዲስ ተማረ። በሙቀት አገር ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፣ እርሾው ይቀነስ፣ ሊጡም አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይጋገር። ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረውም፤ ሁለት ወር ሲያበላሽና ሲያስተካክል እጁ ራሱ አወቀው። ከዚያ ወዲያ ሊጡ አላመለጠም። ስሙ ግን እስከ መጨረሻው "ሽማግሌው" እንደሆነ ቀረ። ክርኑን ሲነክር ያዩት ነበር፤ ምን እያደረገ እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን እራት ላይ "ልመለስ ነው" አላት ለልጁ።

"ምን ጎደለህ አባዬ?"

"ምንም።"

"ሰው አስቀየመህ?"

"ኧረ ማንም።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው?"

"እዚህ እናትሽን የሚያውቃት ሰው የለም።"

"እኔ አለሁ አይደል እንዴ?"

"አንቺማ ስሟን በጠራሁ ቁጥር ብድግ ብለሽ ዕቃ ታጥቢያለሽ።"

ልጁ፣ ራሱ እንደነገረኝ፣ በእርግጥም ብድግ ብላ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ጀርባዋን እንደሰጠችው እንዲህ አለችው፦

"እሺ ሂድ። ግን ቃል ትገባልኛለህ። ገንዳህን ከመለሱልህ አልናገርም፤ ሥራ አለው፣ ሰው መሀል ነው ብዬ እተኛለሁ። ካልመለሱልህ ግን ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻህን ተቀምጠህ ስታረጅ አላይም። ቅዳሜ አስር ሰዓት እደውላለሁ። አልሰጡኝም ካልክ ሰኞ አውቶቡስ ላይ ነህ።"

"ቃሌ ነው" አላት።

የዚህን ሰው ቃል የማያውቅ ነገሩን ቀላል ሊያደርገው ይችላል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በአንድ ሳሙና ምክንያት ከማዕዘኑ ባለ ሱቅ ጋር ተጣልቶ "ይህን ደጃፍ ሁለተኛ አልረግጥም" ብሎ ነበር። ባለ ሱቁ ሞቷል። ሱቁ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ባለቤት ቀይሯል። ጋሽ ክርኑ ግን እስከ ዛሬ በዝናብ ዞሮ ከላይኛው መንገድ ሳሙና ይገዛል።

የተመለሰው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ካፊያ በሚያካፋበት ቀን ነው። አንድ ቦርሳና አንድ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ይዟል። ፊቱ ጠቁሯል፣ አንገቱ ከስቷል። የቀድሞ ቤቱ ውስጥ ሌሎች ገብተዋል፤ አከራዩ ከእኔ ግድግዳ ጋር የተያያዘችውን የጓሮ ክፍል ሰጠው። አንድ አልጋና አንድ መስኮት ያላት ክፍል ናት። ማንቆርቆሪያውን ይዤለት ሄድኩ።

"የሰጠሁትን አልመልስም" አለኝ።

"ታዲያ ሻይህን በምን ልታፈላ ነው?"

"አንተ አፍላ፣ እኔ እጠጣለሁ። የሰጠሁህ ለዚሁ አይደል?"

በዚህ ተስማማን። ብርዱ ግን አልተስማማውም። ካፖርቱን ሳያወልቅ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ ተቀመጠ። "ይህ ከተማ ድሮም እንዲህ ይቀዘቅዝ ነበር?" አለኝ። "ድሮም" አልኩት። ማስጠንቀቂያው ያኔ ነበር፤ ሁለታችንም አልሰማነውም።

ሐሙስ ዕለት የዳቦ ቤቱን ባለቤት ቤቷ ድረስ ሄዶ ጠየቃት። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት፤ ዳቦ ቤቱን ከአማቷ ነው የተረከበችው። "ይቀመጡ ጋሼ፣ ቤትዎ ነው" ብላ የገዛ ራሱን ወንበር ሳበችለት። ተቀመጠበት። የግራ እግሩ ዛሬም ይንገዳገዳል አለኝ፤ ሚስቱ ካርቶን አጥፋ ትሸጉጥበት ነበር። በእንግድነት የመጣ ሰው ደግሞ የሰው ወንበር ሥር ጎንበስ ብሎ ካርቶን አይሸጉጥም። እየተንገዳገደ ሻዩን ጨረሰ።

"ገንዳው የእርስዎ ነው" አለችው። "ያስተማሯት ሴት ወደ ጠረጴዛዋ ትመለሳለች። ነገ ይግቡ።"

"እሷስ ትከፋ ይሆን?"

"እርስዎ ያሳደጓት ልጅ አይደለች? ምን ብላ ትከፋለች!"

ዓርብ ጠዋት ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ሲወጣ አየሁት። በግድግዳው በኩል ሲያፏጭም ሰምቼዋለሁ። ከመጣ ወዲህ ሲያፏጭ የመጀመሪያው ነበር፤ የመጨረሻውም ሆነ።

ገንዳው የተተወላት አቡኪዋ ሽርጡን አጥባና ተኩሳ አቆየችለት። ራሷ ከወገቡ አሰረችለት። ከዚያ ወደ ስምንት ዓመት ቦታዋ፣ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ተመለሰችና መቁረጫዋን አነሳች። ሠራተኞቹ ከበቡት። ምድጃ አንዳጁ፦

"ጋሼ፣ ክርንህን ይዘኸው መጣህ ወይስ ለልጅህ ትተህላት መጣህ?" አለው።

"ይዤዋለሁ። ታሪፍ አስከፍለውኝ ነው" አለ።

ሳቁ። እጅጌውን ሰበሰበ። ክርኑን ነከረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እስከ አራት ቆጠረ። "ይበቃል" አለ። መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ እርሾውን ሁለት ጊዜ ዘገነ። ዱቄቱን ገለበጠ፣ ጨው ጨመረ፣ ጉልበቱን አስገብቶ አቦካ። ላብ በግንባሩ ወረደ። ጨርቁን አለበሰውና አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ደስ ብሎት ነበር፤ ራሱ ነው የነገረኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ያላገኘው ዓይነት ደስታ።

ሁለት ሰዓት ሞላ። ከውጭ ሲያየው ጨርቁ ጠፍጣፋ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያላደረገውን አደረገ፤ የጨርቁን ጫፍ ገለጠ። ሊጡ እንዳስቀመጠው ተኝቷል። ጣቱን ሰደደበት፤ ጉድጓዱ ሳይሞላ ቀረ። ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ሌላ ሩብ ሰዓት። ከፊት ለፊት መስኮቱ ላይ ሰው ተሰልፏል። ባለቤቲቱ መጥታ አየች፣ እሱን አየችው፣ ቀስ ብላም "ይጋገር" አለች።

የወጣው ዳቦ እንደ መዳፍ ጠፍጣፋ፣ እንደ እንጨት ከባድ ነበር። ሰልፉ ላይ ከቆሙት አንዱ የታክሲ ሹፌር አገላብጦ አየውና፦

"ይሄ በየትኛው ቁጥር ነው የሚመጣው? እኔ አርባ ሁለት ነኝ" አለ።

"ሶል ነው፣ ተረከዙን ለብቻ ነው የሚሸጡት" አለች ከኋላው ያለች ሴት።

ማን እንዳቦካው አያውቁም ነበር። ቢያውቁ ኖሮ አይናገሩም ነበር። እሱ ግን ከውስጥ ሆኖ እያንዳንዱን ቃል ሰማ። ባለቤቲቱ ሰው ሲቀልል ወደ እሱ መጥታ "ጋሼ፣ መንገድ አድክሞዎታል። አንድ ሁለት ሳምንት ይረፉና ከዚያ እናያለን" አለችው። በደግነት ነው የተናገረችው። ደግነቱ ነው የጎዳው። ሽርጡን ፈታ፣ አጠፈ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ሃያ ያህሉን ጠፍጣፋ ዳቦ በከረጢት ይዞ ወጣ። "የሠራሁትን እበላለሁ" ብሏቸው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እሱ ክፍል ተቀምጠን ያንን ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከርን ሳለ በሩ ተንኳኳ። አቡኪዋ ነበረች። ልነሳ ስል "ተቀመጥ" አለኝ፤ ስለዚህ የተባባሉትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እሷ ግን አልተቀመጠችም።

"ጋሼ፣ አይቻለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"መዳፍዎን። ሲዘግኑ አየሁት። ጎድጓዳው ጠቧል። የድሮው ግማሽ ነው የዘገኑት። ውሃውም ሲገለበጥ እንፋሎት አልነበረውም።"

ጋሽ ክርኑ ቀኝ እጁን አነሳና መዳፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ተመለከተው። ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ። ሌላ ሰው አበድሮት የሄደ ይመስል ለረጅም ጊዜ አየው።

"የሙቀት አገር መዳፍ ሆኗል" አለ በመጨረሻ። "ክርኑም ቢሆን። ለብ ያለው ሁሉ ሙቅ መስሎታል።" ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። "ካየሽ ለምን አልተናገርሽም?"

"መጀመሪያ... እርስዎን ማን ያርማል? ከዚያ ያመጡት አዲስ ዘዴ ይሆናል አልኩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አውቄያለሁ።" የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። "ጨርቁን ሲያለብሱት አውቄያለሁ። አፌን ከፍቼ ልናገር አልኩና ዝም አልኩ። ስምንት ዓመት ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ዓመት ገንዳ ላይ። እንደገና ስምንት ዓመት ታየኝ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ይቅር ይበሉኝ።"

ይቆጣታል ብዬ ስጠብቅ፣ ዳቦ አነሳና ሰጣት።

"ብዪ" አለ። "ያንቺም እጅ አለበት።"

ሳታስበው ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አዝሎ ነበር። ነከሰችው፣ አኘከችው፣ "ከባድ ነው" አለች።

"ጥርስ ላለው ነው የተሠራው።"

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ያሰበችውን ነገረችው። ነገ ይምጣ። ገንዳው ላይ እሱ ይቁም። እርሾውን እሷ ቀድማ በጣሳ ለክታ ታስቀምጣለች፣ ውሃውንም እሷ ታሞቃለች። እሱ እንደ ድሮው ክርኑን ይንከር፣ "ይበቃል" ይበል። ማንም አያውቅም።

እኔ እሺ የሚል መስሎኝ ነበር፤ ቅዳሜ በማግስቱ ነውና። እሺ ቢል ለልጁ "ሰጡኝ" ሊላት ይችላል፤ ውሸትም አይሆንም።

"ለታይታ ክርን አልነክርም" አለ። "ገንዳው ያንቺ ነው። ለባለቤቲቱም እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ፤ ራሱ ተወ በያት።"

ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ ኮቱን ለብሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ስልኩ ጉልበቱ ላይ ነው። ጆሮው ትንሽ ስለሚያስቸግረው ሁልጊዜ የስልኩን ድምጽ ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ልውጣ ስለው "የት ትሄዳለህ፣ ግድግዳው እንደሆነ ስስ ነው" አለኝ። ስልኩ በሰዓቱ ጮኸ።

"አባዬ፣ ሰጡህ?"

"አልሰጡኝም። ሰጥተውኝ ነበር፣ ሊጡ አልነሳ አለኝ።"

"እንዴት?"

"እዚያ ያለውን እጅ ይዤ መጥቼ።"

ከወዲያ ማዶ የማራገቢያው ድምጽ ይሰማል።

"እሺ። ሰኞ እንግዲህ" አለች። ድምጿ ውስጥ ደስታ ነበር፤ ልትደብቀው ሞክራ ነበር። "ክፍልህን አልነካሁትም። ልጆቹም..."

"ልጄ።"

"ወዬ።"

"ቃሌን ላጥፍብሽ ነው።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረና ቀጠለ፦

"አልመጣም። ገንዳም የለኝ፣ ቤትም የለኝ፣ አንቺ እንዳልሽው ባዶ ክፍል ነው ያለኝ። ግን እዚሁ ነኝ። ጠረጴዛው ላይ እንዲያስገቡኝ ልጠይቃቸው ነው።"

"ጠረጴዛ? አንተ? አድበልባይ?"

"አዎ።"

"በዚህ ዕድሜህ አባዬ! ምን ብዬ ነው ለሰው የምናገረው?" ድምጿ ተሰበረ። "ቃል ገብተህልኝ ነበር እኮ። አንተ!"

"ገብቼ ነበር" አለ።

ስልኩ ተዘጋ። አውርዶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ሻይ ላፈላለት ተነሳሁ፤ "ዛሬ ይቅር" አለኝ። በሳሙና ምክንያት አሥራ ሁለት ዓመት በዝናብ የዞረ ሰው ነው። ያን ቀን ፊቱን ማየት ስላልፈለግሁ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ ሲነሳ እሱ ዳቦ ቤት ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ አቡኪዋ ስምንት ዓመት የቆመችበት ቦታ ላይ። ባለቤቲቱ አፍራ "ኧረ ጋሼ፣ ነውር ነው" ብላ ነበር። "ቦታው ክፍት ነው ወይስ አይደለም?" ብሎ ጠየቃት፤ ክፍት ነበር። ማድበልበል ሲጀምር ዳቦዎቹ አንዱ ከሌላው አይመሳሰሉም ነበር። አንዳጁ "ጋሼ፣ ይሄኛው መንታ ወልዷል" እያለ ይመልስለታል። እሱም ተቀብሎ እንደገና ያድበለብላል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ ኮቱን ለብሶ ተቀመጠ። ስልኩ አልጮኸም። ከዚያ በኋላ ባለውም ቅዳሜ አልጮኸም። በሦስተኛውም። ራሱ ለምን እንደማይደውል ጠየቅሁት። "ቃል ያጠፈ ሰው ይደወልለታል እንጂ አይደውልም" አለኝ። ትክክል መሆኑን አላውቅም፤ የእሱ ሥርዓት ግን ይኸው ነው። አስር ሰዓት ተኩል ሲል ኮቱን አውልቆ ይሰቅላል። በግድግዳው በኩል የመስቀያው ድምጽ ይሰማኛል። ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ ምንም አይሰማም። ሚስቱን የሚያውቅ ሰው በሞላበት ከተማ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ስሟን ሲያነሳ ግን ብዙ ጊዜ አልሰማሁም። የጠፍጣፋው ዳቦ የመጨረሻው ቁራሽ ሻጋታ እስኪያወጣ መስኮቱ ላይ ቆየ።

ዳቦ ቤት ውስጥ በየጠዋቱ አንድ ነገር ይደረጋል አሉ። አቡኪዋ ውሃውን ካሞቀች በኋላ ባልዲውን ይዛ ወደ ጠረጴዛው ትመጣለች። እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ክርኑን ይነክርና የመሰለውን ይናገራል። እሷ ደግሞ ከግድግዳው ያወረደችውን ቴርሞሜትር ታያለች። "ገና ነው ጋሼ" ትለዋለች። "ገና ነው?" ይላል። እንደገና ይነክራል፣ የትክክለኛውን ሙቀት ልክ ክርኑ እንዲይዘው። ከዚያ ቴርሞሜትሩን መልሳ ትሰቅለዋለች።

በአራተኛው ቅዳሜ እኔም አብሬው ነበርኩ። ብርዱ ጠንክሮ ነበር። አስር ሰዓት ከሩብ ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ሊዘጋ ሲል አነሳው።

ሰላምታ አልነበረም። ከወዲያ ያ የማራገቢያ ድምጽ ይሰማል።

"ዛሬ ሊጡ ኩፍ አለ?" አለች ልጁ።

"አለ።"

"ማን አቦካው?"

"እሷ።"

"አንተስ?"

ጋሽ ክርኑ የቀኝ እጅጌውን ተመለከተ። እስከ ክርኑ ድረስ የጠዋቱ ውሃ የደረቀበት ምልክት ገና ይታይ ነበር።

"እኔ ዛሬ የውሃውን ሙቀት አንድ ጊዜ ልክ አገኘሁት" አለ።

ከወዲያ በኩል ሳህን ከሳህን ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። ዕቃ እያጠበች ነበር።